እልልታ ለመጨረሻው ዘፈን

ድሮ ሽፍታ የነበረው ዘፋኝ በአልበሙ ውስጥ ያላወጣው የጫካ ጉድ የለም። የመጨረሻው ዘፈን ወንዝ ዳር ተኩሶ ከበቅሎ ላይ ስለጣለው መንገደኛ ነበር። ሰውየው ሲወድቅ የበቅሎዋን ስም ጠርቷል። ዘፋኙ ያንን ስም ብቻ ከግጥሙ ዘለለው፤ ከአፉ አልወጣ አለው።

«ፉከራ ያለ እልልታ አይሞቅም» አለ የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ።

«እንግዲያው የአገሬ እልልታ ይሁን» አለ ዘፋኙ።

ከዚያው ወንዝ ማዶ የመጡ አንዲት እናት ተለምነው ገቡ።

«እማማ፣ ‹ጣልኩት› ስል እልል ይበሉልኝ።»

«ለአገሬ ልጅማ ምን ገዶኝ!» አሉና ማዳመጫውን በራሳቸው ላይ ደፉት።

ማሲንቆው ጀመረ። ዘፋኙ የወንዙን ስም ጠራ፤ የጥምቀት ማግስት መሆኑን፣ የሟቹን አዲስ ጋቢ ዘፈነ።

«ጣልኩት!»

እልልታው አልመጣም። ቀጂው በመስታወቱ በኩል እጁን አወዛወዘላቸው። እናትየው ማዳመጫውን አወለቁና ደረታቸውን እየደቁ፣ በቀጭን ድምፅ፣

«ሻሼ ደጄ ቆማ ኮርቻዋ ባዶ፣
ልጄ የት ቀረብኝ ከወንዝ ዳር ወርዶ» አሉ።

«ግሩም ነው፣ ይሄም ይግባ!» አለ ቀጂው። «ግን ሻሼ ማናት?»

ዘፋኙ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር።