በቃ ሲሉ አቁሙ

የውሃ ጠርሙሱ መጥቶ የሄልሜቱን መስታወት ሲያጮለው የፖሊሱ ደም ፈላ። የሚወረወረው ባዶ ጠርሙስ ብቻ ነው ተብሎ ነበር፤ ይሄኛው ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው። "ማነው እሱ?" ብሎ ጋሻውን አስቀድሞ ቀይ ለባሾቹ መሃል ገባ።

ነገሩ ልምምድ ነው። ቀይ ማሊያ የለበሱት ነውጠኛ ደጋፊ ሆነው እንዲረብሹ ከልብስ ፋብሪካውና ከማዘጋጃ ቤቱ የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ፖሊሶቹ ደግሞ ይበትኗቸዋል። ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል። አገሪቱ ትልቁን የእግር ኳስ ውድድር ለማስተናገድ ትበቃለች ወይስ አትበቃም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ሚስቱም ቀይ ለብሳለች፤ ፋብሪካው መርጦ ልኳታል። ጠዋት አብረው ሲወጡ "ዛሬ አንዲት ፀጉሬን ብትነካ ወዮልህ!" ብላ ስቃበታለች። እሱ የተመደበው ምሥራቅ በር፣ ሴቶቹ ምዕራብ በር ስለሆነ ሐሳብም አልገባውም።

የስፖንጅ ዱላ ይመጣል ተብሎ ጉምሩክ ተይዞ ቀረ። "በያዛችሁት፣ ቀስ እያላችሁ" አለ አዛዡ። "የምር የተጎዳ ሰው 'በቃ' ይላል። በቃ ሲሉ አቁሙ።" ይህችን ዘዴ ያፈለቀ ጭንቅላት ይባረክ! የተናደደ ሕዝብ ከ"በቃ" ሌላ ምን ይላል? ቀይ ለባሹ ገና ከመግባቱ "በቃ! በቃ!" እያለ ስታዲየሙን አናወጠው። ከዚያ ወዲያ የምሩን የሚጮኸውን ከሚያስመስለው የሚለይ ጠፋ።

መጀመሪያ የደረሰበት አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ትከሻውን አለው። ሰውዬው "በቃ!" ሲል ደገመው። ሌላው ዱላውን ሊቀማው እጁን ሲሰድ ጉልበቱን መታውና ጣለው፤ የሚሸሸው ሰው በላዩ ተረማመደበት። ጎኑ ያለው ባልደረባው የአንዱን አፍ በጋሻው ጠርዝ ብሎት ጥርስና ደም አብሮ ሲወጣ አየ። ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ አለው። ዓመቱን ሙሉ በየጨዋታው ሲሰደብና ሲተፋበት ኖሯል፤ ዛሬ ተራው የሱ ነው።

አቧራው ጨሰ። ምዕራብ በር ላይ ያለው ሰው ተገፍቶ ሁሉም ወደዚህ ጎርፏል። አንድ ቀይ ማሊያ ራሱን በክንዱ ሸፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ በአጠገቡ ሊሾልክ ሲል ጀርባው ላይ አሳረፈበት። በግንባሩ ተደፋ።

"በቃ!"

ደገመው።

"በቃ! በቃ!"

ክንዱን አለው። አጥንቱ ሲሰበር ዱላው ላይ ተሰማው።

"ድንቡሼ! ኧረ የት ነህ? ድንቡሼ፣ ገደሉኝ!"

ሊደግም የሰነዘረው ዱላ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ዓለም እሱን ድንቡሼ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ።

ፊሽካው ተነፋ። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አዛዡ በድምፅ ማጉያው "እንዲህ የምር የሚመስል ልምምድ አይተን አናውቅም ብለውናል! በቅተናል! አገራችን በቅታለች!" አለ። ፖሊሶቹ ተቃቀፉ። ከወደቁት መነሳት የቻለ ተነሳ፣ ያልቻለም እዚያው ቀረ።

ሄልሜቱን አውልቆ ተንበረከከና ቀስ ብሎ አገላበጣት። ግንባሯ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗን ሞልቶታል፤ ግራ ክንዷ ክንድ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ደሙን ከዓይኗ ሲጠርግላት አየችው። ፊቷ በራ። በደህናው እጇ አንገቱን አንቃ ያዘችው።

"መጣህልኝ! እንደምትመጣ አውቄ ነበር።"

"አይዞሽ እናቴ። አይዞሽ።"

"በቃ እያልኩት እኮ ነው! በቃ እያልኩት! ማን እንደሆነ አየኸው?"

ዱላው አሁንም በእጁ ነው።

"አላየሁትም" አለ።

"ግዴለም። አንተ አታጣውም" አለችና በደም የራሰ ጉንጯን ደረቱ ላይ ጣል አደረገች።