የአይጦቹ ጉልበት

መዛኙ ሰሞኑን በፔርሙዝ ክዳን ይናደዳል። ሚስቱ አጥብቃ ትዘጋዋለች፤ ስንቴ ነግሯታል። ሻዩን ሳይጠጣ የሚውልበት ቀን በዝቷል። በዚያ ላይ የአንገቱን ቁልፍ ሳይቆልፍ ሲወጣ «አንተም እንደ አባትህ ሆንክ» ብላ ትስቅበታለች። አባቱ ገና ሃምሳ ሳይሞላቸው ቁልፍ ያለው ልብስ እርም ብለው ነበር።

በቤተ ሙከራው ስድስት ሺህ አይጦች አሉ። በእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ዘረመል ሆን ተብሎ ይበላሻል፤ ከዚያ አይጦቹ ምን እንደጎደላቸው ይታያል። አንዱ ባለሙያ ዓይናቸውን፣ ሌላው ጆሯቸውን ይመረምራል። የመዛኙ ድርሻ ጉልበት ነው። አይጧ በፊት እግሮቿ ወንፊት የመሰለ ሽቦ ትጨብጣለች፤ እሱ ጅራቷን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እስክትለቅ ድረስ የሳበችውን ማሽኑ ይመዘግባል። ጤነኛ አይጥ መቶ ግራም ያህል ትስባለች።

አርባ አንደኛው ዝርያ ከሰባ አላለፈም። መዛኙ ደስታው ወሰን አጣ። ስድስት ዓመት የአይጥ ጅራት ሲጎትቱ ኖሮ ምንም አለማግኘት ቀልድ አይደለም፤ አሁን ግን ቀናው። ኃላፊዋ ለማረጋገጥ ያህል ጤነኞቹንም እንዲለካ አዘዘችው።

ጤነኞቹም ሰባ ሳቡ። በሳምንቱ ስልሳ ስምንት።

ነገሩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ኮሪደሩን ሲመላለስበት ይውላል። ማሽኑ ላይ የመቶ ግራም ብረት አንጠለጠለ፤ ማሽኑ ልክ መቶ አለ። እንግዲህ የቀረው ምግቡ ነው፤ ምግቡን የሚሰጠው ደግሞ መጋቢው። ሰውዬው እያፏጨ ነው የሚሠራው፤ አሁን ፉጨቱም አጠራጣሪ ሆነ።

መጋቢው ሲጠየቅ ለሁሉም ክፍል ከአንድ ከረጢት እንደሚሰጥ ተናገረ። የአይጦቹ ክብደትም አልቀነሰም። መዛኙ ግን የሚሰማ አልሆነም። ወይ እሱ ይባረር፣ ወይ እኔ እለቃለሁ ብሎ ለኃላፊዋ ጻፈ። ፊደሉ ተንጋዶ ለማንበብ አስቸገራት፤ ንዴቱ ነው ብላ አለፈችው።

መጋቢው የሦስት ልጆች አባት ነው። ቢሮ ሲጠራ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ።

«እኔም አንዲት አይጥ በእጄ ልሞክር። ከዚያ እሄዳለሁ።»

መዛኙ ሳቀና ይሞክር አለ። መጋቢው ጠዋት ስልሳ አምስት የሳበችውን ጤነኛ አይጥ አወጣ፣ ሽቦውን አስያዛት፣ ጎተተ። ኃላፊዋ ቁጥሩን አነበበች፤ መቶ ሁለት። ከአርባ አንደኛው ዝርያም አንዷን ሞከረ። መቶ አንድ።

«ወዲህ በላት» አለ መዛኙ። ያቺኑ አይጥ ተቀብሎ እሱ ራሱ ጎተተ። ጅራቷ ከጣቶቹ አመለጠ፤ አይጧ ሽቦውን ገና አልለቀቀችም። ስልሳ አራት።

መጋቢው ከጠረጴዛው ላይ የመዛኙን ፔርሙዝ አነሳና ክዳኑን በሁለት ጣቱ ከፈተለት።