በራሴ እንጨት ሞክሩልኝ

እንጨት መብሻ የቁም ድሪል ሊመርጥ መርካቶ የወጣው አናጺ፣ አበባ የተሳለባት ሳንቃ በብብቱ ይዟል። ሥራው በቀጭን መጋዝ የመስታወት ፍሬም መፈልፈል ነው፤ መጋዙ ወደ ውስጥ እንዲገባለት ደግሞ በየቅጠሉ መሃል ቀዳዳ ያስፈልጋል።

«እኔ ዕቃ በወሬ አልገዛም። በራሴ እንጨት ሞክሩልኝ» አለ የመጀመሪያው ሱቅ ገብቶ።

ምልክት ካደረገባቸው ቦታዎች ስድስቱን በሱለት። በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየና «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሱቅ ዘጠኝ በሱለት፤ «ጩኸቱ አይቻልም» አለ። ሦስተኛውና አራተኛውም እንከን አላጡም።

አምስተኛው ሱቅ ግን ባለቤቱ ሙዘይን እልህ ያዘው። «ጋሼ፣ የእኔን ከማንም እንዳያወዳድሩት!» እያለ የቀሩትን ምልክቶች በሙሉ በሳቸው። ብናኙን እንኳ በእጁ ጠረገለት።

አናጺው ሳንቃዋን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጣት።

«ይሄስ ወደር የለውም! በል ከባለቤቴ ጋር ልማከርና እመለሳለሁ።»

ቤቱ ሲደርስ እውነትም ተማከሩ። ሚስቱ በአንዷ ቀዳዳ አጮልቃ አየችውና ጠየቀችው፦

«እንጨቱን የሚያለሰልሰውን የብርጭቆ ወረቀት ማሽንስ መቼ ነው የምትመርጠው?»