የሦስት ሰከንድ ምርጫ

ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ጌሙ» ካለችው ወዲህ ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሲስተም ጭኗል፤ ዊንዶውሱ ለቢሮ ሥራ፣ ሊኑክሱ ለመኪና ውድድር። ላፕቶፑ ሲበራ ምርጫው ለሦስት ሰከንድ ብቻ ይታያል። የታች ቀስቷን ያልተጫነ ሰው ቀጥታ ቢሮው ውስጥ ይገባል። በዚህ ብልሃቱ ብቻውን እየሳቀ ከረመ።

ቅዳሜ ሚስቱ ገበያ እንደወጣች ላፕቶፑን አበራ። ሳሎን ውስጥ ያሉት አማቱ እትዬ የሺመቤት ብቻ ናቸው፤ ዳንቴል ይሠራሉ። ከእሳቸው በኩል አይሰጋም። ከደጅ ኮቴ የሰማ መስሎት ዞር ሲል ግን ምርጫው አለፈና የቢሮው ሪፖርት ፊቱ ተደቀነ። በንዴት ጠረጴዛውን መታ።

እትዬ የሺመቤት ከዳንቴሉ ቀና ሳይሉ፣ «አይ ልጄ፣ እኔ እኮ ገና ሳበራው ጣቴን ቀስቷ ላይ አድርጌ ነው የምጠብቀው» አሉት።