የአዲስ አባት ወገብ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቴክ ወንዝ ዳር የነበርነው አራት ነን፦ አስጎብኚው እኔ፣ ዕቃ የሚሸከሙልን የሚስቴ አባት፣ አማቴ ሌዮካዲዮ፣ ከቫሌንሲያ ከተማ የመጡት መሐንዲስ ባልቢኖና ባለቤታቸው ኦቲሊያ። ከሮራይማ ተራራ ወርደን ወደ መንደራችን እየተመለስን ነበር። ስንሄድ ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ አሁን ከደረት አልፎ፣ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ ይጋልባል። ጠዋት የተሻገርነው ኩኬናን ወንዝም ከኋላችን ሞልቷል። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም።

ኦቲሊያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ተራራው ላይ ስለታም ድንጋይ የቆረጠው እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ትኩሳቱ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቃቸውም። መድኃኒቱ ያለው መንደር ነው፤ ከወንዙ ማዶ የአራት ሰዓት መንገድ። የመንደራችን ነርስ በያዝኩት የመገናኛ ሬዲዮ እግሩ ምን እንደሚመስል ጠይቃኝ ስነግራት፣ እንደምንም ብላችሁ ሳይመሽ ተሻገሩ አለችኝ። የሚላክ ወንድ አልነበራትም። ጉልበት ያላቸው ሁሉ ከሌሎች እንግዶች ጋር ተራራው ላይ ናቸው።

መላው አንድ ነው። አንድ ሰው የገመዱን ጫፍ ይዞ ይዋኛል፣ ማዶ ካለው ትልቅ ድንጋይ ጋር ያስረዋል፣ ሌሎቹ ገመዱን እየያዙ ይሻገራሉ። በቴክ ይህን የምሠራው እኔ ነኝ። አማቴ ስድሳ አልፏቸዋል። ባልቢኖ ዋና አይችሉም።

ሸሚዜን እያወለቅኩ ሳለ ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ። የሚስቴ እህት ኤዲክታ ናት።

«አባት ሆነሃል። ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ለመውለጃዋ ገና አንድ ጨረቃ ይቀራል ብለን ነበር። እንደዚያ ባንል ኖሮ ከቤት አልወጣም። የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ፣ ቴክ ዳር ነኝ አልኳት። ሳቋ ጠፋ።

«ያለህበት ተቀመጥ» አለችኝ፤ ሬዲዮው ዝም አለ።

በእኛ ዘንድ አዲስ የተወለደ ልጅ ነፍስ የአባቱን ዱካ ትከተላለች። ስለዚህ አባት መጥረቢያ አያነሳም፣ ወንዝ አይሻገርም፣ በተንጠለጠለ መረብ አልጋው ላይ ተኝቶ የተወሰነው ቀን እስኪያልፍ ይጠብቃል። አባት ወገቡን ከታሰረ የልጁ ትንፋሽ ይታሰራል። የአማቴ ታናሽ ወንድም ኮርቻ ሲጭን ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጥሮ ሳብ በማድረጉ ጨቅላ ልጁን እንደቀበረ የማያውቅ መንደራችን ውስጥ የለም።

ባልቢኖ ግን ሬዲዮውን ሰምተው ትከሻዬን አቀፉኝ። «ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። በል ና፣ ገመዱን ወገብህ ላይ ልሰርልህ።»

«ማሰር አያስፈልግም» አልኩ።

«ውሃው ቢወስድህ በምን እንጎትትሃለን?»

«ጫፉን በጥርሴ እይዘዋለሁ።»

«በጥርስ? ሥጋ ነው እንዴ?»

ላስረዳቸው ፈለግኩ። እንግዳ ፊት መናገር ግን ድሮም አይሆንልኝም፤ ይህን ደግሞ በምን ቃል እጀምረዋለሁ? ኦቲሊያ ፊቴን አይተው፣ ካልሆነልህ እዚሁ እንደር ልጄ አሉኝ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ከዛፍ ቅርፊት ልጠው ጣት የምታህል ታንኳ እያጠፉ ነበር። የልጅቷ ነፍስ እንድትሻገርባት ነው። ውሃው ዳር አስቀምጠዋት ወደ እኔ ዞሩ።

«መሻገሩን በዚህ እናልፈዋለን» አሉኝ በቋንቋችን። «ለቋጠሮው ግን የማውቀው መላ የለኝም።»

ገመዱን ነክሼ ገባሁ። ውሃው ከእግሬ ሥር ድንጋዩን ወሰደው። መሃል ላይ አንድ ግንድ ደረቴን መታኝ፣ ሳላስበው አፌን ከፈትኩ። ማዶ ደርሼ አሸዋው ላይ በግንባሬ ተደፍቼ ቀና ስል ገመዱ ወደ እነሱ ዳር ተመልሶ ውሃው ላይ ይገላበጣል።

ተነስቼ ቆምኩ። ከጀርባዬ ሜዳው ክፍት ነው፣ መንገዱን ሳላይ አውቀዋለሁ። ሳይመሽ ቤቴ እገባለሁ። ፊት ለፊቴ ባልቢኖ ሚስታቸውን ደግፈው ይዘዋል። አይጠሩኝም። እጃቸውንም አላነሱም። አማቴ ገመዱን ወደ ዳር እየሰበሰቡ ነው፤ እያንዳንዱን ዙር በእርጋታ ክንዳቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ እኔን አያዩኝም። የልጅ ልጃቸው ናት። ሂድ ማለት እንደማይችሉ፣ ና ማለትም እንደማይችሉ ገባኝ።

ወደ ላይ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄጄ ዋኝቼ ተመለስኩ። ስደርስ ባልቢኖ በብብቴ ሥር ገብተው አወጡኝ። ዳግመኛ ገመዱን በጥርስ የምይዝበት ጉልበት አልነበረኝም፤ ይህን ሁላችንም አየን። ክንዶቼን ከጎኔ አራቅኩ። ባልቢኖ ገመዱን ወገቤ ላይ አዙረው አሰሩ፣ ሳብ አድርገው ፈተሹት፣ ደግመው አሰሩ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ከመምሸቱ በፊት አራታችንም ማዶ ነበርን። ኦቲሊያን እያፈራረቅን አዝለን በሌሊት መንደር ገባን፣ ነርሷም ተቀበለቻቸው። እኔ ቤቴ ስደርስ ልጅቷ ተኝታ ነበር። አጠገቧ ተጋድሜ እስክትነቃ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ትንፋሿን አዳመጥኩ።