ግማሽ ደቂቃ

«ጋሼ፣ ታክሲ እየነዱ አይደለም፤ ቀስ ይበሉ!» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል። የቤተ ሙከራ አጋሯ፣ ሸበቶው ባለታክሲ፣ የረጅሙን የመስታወት ቱቦ መክፈቻ በሁለት ጣት ይዘው ቤዝ የሚባለውን ፈሳሽ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አሲድ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉ ነበር። አንዲት ጠብታ ካመለጠቻቸው ፈሳሹ የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል፤ ኬሚስትሪንም ለሦስተኛ ጊዜ ይወድቃሉ። «የአንቺ ምላስ ከዚህ አሲድ ይብሳል» አሉ። ሌሊቱን እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ሲነዱ አድረው ነው የመጡት። እሷም ሲልቨር ስፕሪንግ በደመወዝ አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ነው ያደረችው፤ ግን ሰው ፊት አታዛጋም። ባለፈው ሳምንት ሰውየው ሲያንቀላፉ ፕሮፌሰሯ ከክፍል አስወጥታቸዋለች። ዛሬ ደግሞ ፈተና ነው፤ የተኛ ዜሮ።

ጠብታዋ ወደቀች። ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ፣ ልክ የሚፈለገው። «ዝጉት! በቃ፣ ዝጉት!» ዘጉት። አሁን ቀለሙ ሳይጠፋ ግማሽ ደቂቃ መቆየት አለበት። «እንኳን ደስ አለዎት፤ ለካ ፍሬን መያዝም ይችላሉ» አለች። ዘወር ስትል እጃቸው መክፈቻው ላይ እንዳለ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

ፕሮፌሰሯ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነሥታ ወደነሱ መጣች። ልጅቷ ብልቃጡን አንሥታ ፕሮፌሰሯ ፊት ቆመችና ሰውየውን በጀርባዋ ከለለቻቸው።

«ጨረሳችሁ?»

«ገና ነን» አለች በእንግሊዝኛ። «ቀለሙ ይጸና እንደሆነ እየጠበቅን ነው።»

ፕሮፌሰሯ ሮዙን አየት አድርጋ አለፈች። ግማሽ ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል። ልጅቷ ብልቃጡን እንደያዘች፣ ክፍሉ ሁሉ እያያት፣ በረጅሙ አዛጋች።