የጠበቀው ሃያ ረድፍ

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ጉዞ ተመልሳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ለአያቷ የጀመረችውን ሹራብ አነሳችና ደነገጠች። ትታው ስትሄድ እጅጌው ገና ክርን ጋ ነበር፤ አሁን ሃያ ረድፍ ጨምሯል። ረድፎቹ ደግሞ የእሷ አልነበሩም። ጭነት ላይ እንደታሰረ ገመድ ጠብቀው መርፌ አያሳልፉም።

የጭነት መኪና ሹፌሩ አባቷ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመኪናው የፈታውን የጎን መስታወት ይወለውላል። ከሳምንት በፊት፣ “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንቺ ጭራሽ በትምህርትና በሩጫ ላይ ሦስተኛ፣ ሹራብ ጨመርሽ። የአያትሽን ሹራብ እስከ ቅዳሜ በራስሽ እጅ ካልጨረስሽ ሩጫ በቃሽ!” ብሏት ነበር። ታዲያ ይህን ወጥመድ ማን አጠመደላት?

“እማዬ፣ ይሄን ሹራብ ነክተሽዋል እንዴ?” አለች በሹክሹክታ።

“እኔ? ቁልፍ መትከል ያቃተኝ ሴትዮ!”

ወንድሟን በጎሪጥ አየችው።

“ምን ታፈጥጫለሽ? እኔ እንኳን ሹራብ የጫማዬንም ክር በቅጡ አላስር” ብሎ ሳቀ። ሳቁ ጥርጣሬዋን አባሰው። አባቷ የሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀ ሩጫው መቅረቱ ነው። ለልምምድ ግማሽ ሰዓት ቢቀራትም የክሩን ጫፍ ይዛ መተርተር ጀመረች። አንድ ረድፍ፣ ሁለት፣ ሦስት።

“ኧረ ተይ!” አባቷ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። “ሦስት ቀን ሙሉ ጣቴን የወጋሁበትን!”

ወንድሟ እንኳ መሳቁን ረሳ። አባቷ ማንንም ሳያይ የተተረተረውን ክር ከእጇ ተቀብሎ መጠቅለል ጀመረ።

“ሂጂ እንግዲህ” አለ። “ልምምድ እንዳይረፍድብሽ።”